የ80 ዲግሪው ናሙና ስሌቴን አጠመመብኝ

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ለሚሠሩ የሽርሽር ጀልባዎች የፋይበርግላስ አካል እሠራለሁ። አንድ ደንበኛ «ስንት ዓመት እንደሚቆይ በጽሑፍ ስጠኝ» አለኝ። እስካሁን በግምት ነበር የምመልሰው።

ሬዚኑ፣ ማለትም ፋይበሩን የሚያያይዘው ሙጫ፣ ተራው ፖሊስተር ነው፤ አራት ድርብ የፋይበር ምንጣፍ፣ በክፍል ሙቀት የደረቀ፣ ምድጃ ያላየ። እርጅናውን በሙቀት ለማፋጠን ከአንዱ ሰሌዳ ናሙና ቆርጬ በ40፣ በ60 እና በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። የተጠቀምኩት የሐይቁን ውሃ ነው፤ አልካላይን ስለሆነ የቧንቧው አይተካውም። በየሳምንቱ እመዝናለሁ፣ በየወሩ ወዳጄ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ እያጎበጥን እንሰብራለን።

የ40 እና የ60ዎቹ ውሃ ጠጥተው ከበዱና ረጉ። የ80ዎቹ ግን በአምስተኛው ሳምንት መቅለል ጀመሩ፤ ገጻቸው ነጣ፣ አረፋ አወጡ። ሬዚኑ ራሱ እየተበላ ነው ማለት ነው።

ሦስቱን በአርሄኒየስ ቀመር (ሙቀት የመበላሸትን ፍጥነት ምን ያህል እንደሚለውጥ በሚያሰላው) ለማያያዝ ስሞክር ቀጥ ያለ መስመር አልወጣም። 80ን ካስገባሁ መስመሩ በጣም ቁልቁል ይሆንና በሐይቁ ሙቀት የጀልባው ዕድሜ ለማመን በሚያስቸግር መጠን ይረዝማል። ካወጣሁት የሚቀሩኝ ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ በሁለት ነጥብ መካከል ደግሞ ሕፃንም መስመር ያሰምራል።

የምጠረጥረው 80 ዲግሪ፣ በተለይ ውሃ ለጠጣ ሬዚን፣ ከመለስለሻ ሙቀቱ በላይ መሆኑን ነው። የምለካበት መሣሪያ የለኝም። ሰሌዳውን ምድጃ ውስጥ አብስዬ ልድገመው ብል ደግሞ ጀልባዎቼ ምድጃ አይገቡም፤ የምፈትነው ሌላ ዕቃ ይሆናል።

80ን ጥዬ በ50 ዲግሪ አዲስ ናሙና ብጨምር፣ 40፣ 50 እና 60 ብቻቸውን ለሚታመን ትንበያ ይበቃሉ?