ዶፒንግ (ባዕድ አቶሞችን መጨመር) የሲሊከንን ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት አለኝ። መብራት እየሄደ በመጣ ቁጥር የተቃጠሉ ኢንቨርተሮች ይመጡልኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸውም ሞስፌቱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትራንዚስተር ነው። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ፕላስቲክ ሰብሬ በማጉያ መነጽር ስመለከት፣ ከመዳቡ ላይ የተጣበቀች፣ ስፋቷ የሽምብራ ክክ የሚያክል ስስ ግራጫ ሲሊከን አገኘሁ። ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ ብረት ሙቀትንም በደንብ ያስተላልፋል ተብለን ተምረናል፤ መዳብና አልሙኒየም ለዚህ ምስክር ናቸው። በሞስፌት ሲሊከን ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ፎስፈረስ ወይም አርሴኒክ በብዛት ይጨመርበታል። ታዲያ ከንጹሑ ሲሊከን ይልቅ ሙቀትን የተሻለ ማስተላለፍ አልነበረበትም?

ምላሽ 1፦
ወንድሜ፣ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይቀንሳል። የተማሩት ሕግ ስሕተት የለበትም፤ ቪደማንና ፍራንዝ በ1853 ያስተዋሉት ነው። የሚሠራው ግን በብረት ነው፤ ምክንያቱም በብረት ውስጥ ኤሌክትሪኩንም ሙቀቱንም የሚሸከሙት እነዚያው ነጻ ኤሌክትሮኖች ናቸው። በሲሊከን ውስጥ ሙቀቱን የሚሸከመው የአቶሞቹ ንዝረት ነው፤ ይህም በክሪስታሉ ውስጥ እንደ ማዕበል የሚጓዝና ፎኖን የሚባለው ነው። ንጹሕ ሲሊከን በክፍል ሙቀት 148 ዋት በሜትር በኬልቪን ገደማ ያስተላልፋል። የኤሌክትሪክ ተከላካይነቱ ወደ 1 ሚሊኦም ሴንቲሜትር እስኪወርድ ድረስ ዶፕ ቢደረግ እንኳ፣ በዚያው ሕግ ሲሰላ ኤሌክትሮኖቹ የሚጨምሩት 0.7 ያህል ብቻ ነው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

የሚጎድለው ግን ከዚህ ይበልጣል። የተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ አንዱን ጫፍ ቢመቱት ሞገዱ እስከ ሌላው ጫፍ ይደርሳል፤ መሐል ላይ እርጥብ ጋቢ ከተሰጣበት ግን ከፊሉ ተመልሶ ይቀራል። ባዕድ አቶምም ለፎኖን እንደዚያ ነው። የሲሊከን አቶም ክብደት 28 ሲሆን የአርሴኒክ 75፣ የቦሮን 11 ነው። ፎስፈረስ 31 ስለሆነ በክብደቱ ብዙም አይለይም፤ ሆኖም የአቶሙ መጠን መለያየትና ያመጣቸው ነጻ ኤሌክትሮኖች ራሳቸው ፎኖኖቹን ይበትናሉ። ከ500,000 አቶም አንዱ ባዕድ ቢሆን በክፍል ሙቀት ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ከ500 አንዱ ሲሆን ግን ቁጥሩ ወደ 100 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል።

ጠያቂው፦
እጅግ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ሞስፌቶቹን የሚያቃጥላቸው ይህ መቀነስ ነው ማለት ነው?

ምላሽ 2፦
አይመስለኝም። እኔ በሙያዬ የኃይል መሣሪያዎችን የሙቀት ስሌት ስለምሠራ ቁጥሩን ላሳይዎ። የሲሊከኗን ጎንና ጎን 5 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷን 0.2 ሚሊሜትር፣ የሚባክነውን ኃይል 30 ዋት እንበል። በ148 ሲሰላ በሲሊከኗ ላይና ታች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት 1.6 ዲግሪ ነው፤ በ100 ሲሰላ ደግሞ 2.4 ዲግሪ ይሆናል። ዶፒንጉ ያመጣው ጉዳት በጠቅላላው 0.8 ዲግሪ ነው። ሲሊከኗ ወደ 125 ዲግሪ ሴልሺየስ ስትግል ንጹሕ ብትሆንም የማስተላለፍ አቅሟ ከ148 ወደ 100 ገደማ መውረዱ አይቀርም፤ ሙቀት ሲጨምር ፎኖኖቹ እርስ በርስ ይበልጥ ይጋጫሉና።

አሁን ከሞስፌቱ ጀርባ፣ በአልሙኒየሙ ሂትሲንክ (ሙቀቱን ወደ አየር በሚያስወጣው ብረት) ላይ የሚያስቀምጡትን የጎማ ፓድ ይመልከቱ። የማስተላለፍ አቅሙ 1፣ ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን፣ በዚያው 30 ዋት 40 ዲግሪ ልዩነት ይፈጥራል። እባክዎ በሲሊከኑ ከመጨነቅዎ በፊት ፓዱን ይመርምሩ፤ ብሎኑ መላላቱንም ይፈትሹ። ሞስፌቱን ቀይሮ አሮጌውን ፓድ መመለስ የደንበኛን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው።

ጠያቂው፦
ዛሬ ጠዋት ተመልሶ የመጣብኝን አንድ ኢንቨርተር ፈትቼ አየሁት። አሮጌውን ፓድ ራሴ ነበርኩ የመለስኩት፤ ደርቆ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ የሞስፌቱ ጀርባ ያረፈበት ምልክትም በግማሹ ብቻ ይታያል። አዲስ ፓድ አድርጌ ብሎኑን አጥብቄያለሁ። ደንበኛውን ዳግመኛ አላስከፍለውም።