ጆርጅታውን ሕግ፦ ኤልኤልኤም ልግባ ወይስ ጄዲ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ቤተሰብ። አገር ቤት ሕግ 5 ዓመት ተምሬ፣ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ትንሽ ሠርቼ በዲቪ መጣሁ። አሁን ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ዩኒየን ስቴሽን ከባቡር ወርጄ ጆርጅታውን ሕግ ትምህርት ቤት አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይሸፍታል። ከ1870 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አንጋፋ የግል ትምህርት ቤት ነው። ግን ጄዲ፣ ኤልኤልኤም፣ ኤስጄዲ እያሉ ግራ አጋቡኝ። አንዱ "ኤልኤልኤም 1 ዓመት ነው፣ ጠበቃ ትሆኛለሽ" ይለኛል፣ ሌላው "ገንዘብሽን አትበትኚ"። ልጅ አለኝ፣ ሥራ ማቆም አልችልም።

የማታ ተማሪ፦
እህቴ፣ እዚህ አገር ጠበቃ የሚያደርገው ዋናው ዲግሪ ጄዲ ነው፣ ቀን ከተማርሽ 3 ዓመት። የኛን ኤልኤልቢ (የመጀመሪያውን የሕግ ዲግሪ) ቦታ የያዘ ማለት ነው፣ ልዩነቱ ሰዉ ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ነው የሚገባው። ኤልኤልኤም ማስተርስ ነው፣ ሕግ ለተማረ ሰው። ኤስጄዲ ዶክትሬት ነው፣ መምህር ለመሆን ካላሰብሽ እርሺው። ጆርጅታውን የማታ ጄዲም አለው፣ ወደ 4 ዓመት ይወስዳል። የሌሊት ፈረቃና የማታ ክፍል ግን አይሆንም፣ ከክፍል ወጥተሽ በቀጥታ ዴስክ ላይ ልትቆሚ ነው? ክፍያውም የሙሉ ጊዜው በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ዲግሪውን ሳይሆን የባሩን (የጥብቅና ፈቃድ ፈተናውን) ደንብ መጀመሪያ አንብቢ! ዲሲ ውጭ አገር የተማረን ሰው የሚያስፈትነው እውቅና ካለው የአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤት 26 ክሬዲት ሲወስድ ነው፣ ያውም ባር ላይ በሚፈተኑት ኮርሶች፣ ኮንትራት (ውል)፣ ቶርት (ከውል ውጭ ኃላፊነት)፣ ኤቪደንስ (ማስረጃ) በመሳሰሉት። እኔ (ሌላ ትምህርት ቤት ነው፣ ስሙን አልጠራም) ሰብአዊ መብት ምናምን ደስ ያለኝን ስወስድ ከረምኩና ዲግሪዬን ይዤ ስሄድ ግማሹ አልተቆጠረልኝም። አንድ ሴሚስተር ከኪሴ ጨመርኩ። ለዲግሪው የሚበቃው ለባር ላይበቃ ይችላል። አንቺ ደግሞ ሜሪላንድ ነሽ፣ የራሷ ደንብ አላት።

አንድ አንጋፋ፦
ኒውዮርክም ኤልኤልኤም የሚጠይቀን ሕጋችን የእንግሊዞቹ ዓይነት ስላልሆነ ነው። የ1960ውን (እ.ኤ.አ.) የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የሚገርመው፣ በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ የመጀመሪያ ዲን አሜሪካዊ ነበሩ። ልጄ፣ የጥብቅና ፈቃድ ካለሽ ካሊፎርኒያ ያለ ኤልኤልኤም ታስፈትናለች፣ ዐቃቤ ሕግነት ብቻውን ግን ፈቃድ አይደለም። የትኛውንም ብትመርጪ ትራንስክሪፕትሽን ዛሬውኑ አስጀምሪ፣ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ አለበት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ተባረኩ። ፈረቃዬን አለቃዬን እጠይቃለሁ። ወንድሜ ነገ ሬጅስትራር ይሄድልኛል። ውክልና ይጠይቁት ይሆን?

ከአሌክሳንድሪያ፦
መጠየቁ አይቀርም። ኤምባሲ ሂጂ።