በጣና ዳርቻ ያሉ ድሃ ልጆችን ሚስዮን ይርዳ ወይስ ይቅር? (ክርክር)

አወያይ፦ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ባሉት የዓሣ አጥማጅና የደንገል ሠራተኛ መንደሮች፣ ገንዘቡን ከውጭ ምእመናን የሚያገኝ የወንጌላውያን ሚስዮን «ልጆችን በስፖንሰር ልርዳ» ብሎ ቢመጣ ሕዝቡና አስተዳደሩ ይፍቀዱለት፣ ይከልክሉት ወይስ በገደብ ያስገቡት? አቋማችሁን ከነምክንያቱ እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዲያቆን፣ ከደብረ ማርቆስ፦ የእኔ መልስ ይቅር ነው፤ ይህን የምለው ግን የድሃ ልጅ ረሃብ ሳያሳስበኝ ቀርቶ አይደለም። ኢየሱሳውያን በዚሁ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ፣ ተቀምጠው ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት ካስገቡ በኋላ አገሩ እርስ በርሱ ተላልቋል፤ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀዋል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮን ደንብ አገሪቱን «ክፍት» እና «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ክልል ብሎ ለሁለት ሲከፍል፣ እንደ ጎጃም ባለው ክልል ሚስዮኖች ሐኪም ቤትና ሃይማኖት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት ብቻ እንዲከፍቱ የፈቀደው ይህ ታሪክ ስላልተረሳ ይመስለኛል። ደንቡ ዛሬ አይሠራም፤ የተነሣበት ስጋት ግን አለ። ደግሞም ልጅን ማሳደግ ከውጭ የምንማረው ነገር አይደለም። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ሊቃውንትን ያፈሩት፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ተማሪ የአገሩ ገበሬ ቁራሽ እየሰጠ ስላኖረው ነው።

የወንጌላውያን አማኝ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ወንድሜ ዲያቆን፣ የቆሎ ተማሪን ያሳደገውን ሕዝብ እኔም አከብረዋለሁ፤ አያቴም ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። ነገር ግን ያ ቁራሽ የደረሰው በአብዛኛው ለወንዶቹና ለቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች ነው፤ የዓሣ አጥማጁን ሴት ልጅ ማን አስተማራት? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ቦሊቪያን፣ ጓቴማላን፣ ሕንድን፣ ኬንያን፣ ፊሊፒንስንና ኡጋንዳን ያካተተ ጥናት ከ10,000 በላይ ሰዎችን ተመልክቶ፣ ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል በሚባል ልጆችን በስፖንሰር የሚረዳ የክርስቲያን ድርጅት፣ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በኩል የተረዱ ልጆች ካልተረዱት ይልቅ ከ1 ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሚጠጋ ተጨማሪ ትምህርት እንዳገኙና ሲያድጉም ደመወዝ ያለው ሥራ የማግኘት ዕድላቸው እንደሰፋ አሳይቷል። ያው ድርጅት የሕንድ መንግሥት የውጭ ገንዘብ መቀበያውን ስለዘጋበት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ከዚያ አገር ሲወጣ፣ ወደ 145,000 የሚጠጉ ልጆች እርዳታቸው ተቋረጠ። ሚስዮን ይውጣ የሚል ሰው በማግሥቱ የልጁን ደብተር ማን እንደሚገዛ አብሮ መመለስ ይኖርበታል።

መምህርት፣ ከባሕር ዳር፦ ሁለታችሁንም በጥሞና አነበብሁ። እኔ እርዳታው ይግባ ባይ ነኝ፤ የሚገባበት በር ግን የጸሎት ቤት በር መሆን የለበትም።

ቀድሞ በሌላ ከተማ ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ይረዱ ነበር። ለረጂው የሚላከው ደብዳቤ በቅጽ የተዘጋጀ ሲሆን «የምወደው ምግብ»፣ «የምወደው ጨዋታ»፣ በመጨረሻም «የምወደው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ» የሚል ክፍት ቦታ ነበረው። አንዲት የሙስሊም ልጅ ምግቡንና ጨዋታውን በፍጥነት ሞላች፤ ጥቅሱ ላይ ስትደርስ እርሳሷን አቁማ በር ላይ የቆመችውን እናቷን አየች። እናትየዋ አንገቷን ደፋች። ልጅቷም ከጎኗ ከተቀመጠው ልጅ ጥቅሱን ቃል በቃል ገለበጠች። ማንም አላስገደዳትም፤ የተቆጣትም አልነበረም፤ ነገር ግን ዩኒፎርሙም ደብተሩም የሚመጣው በዚያ ወረቀት መሆኑን እናትም ልጅም ያውቃሉ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 27 ወላጆች ልጆቻቸውን በገዛ እምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ጓዳዋ ባዶ የሆነ እናት ይህን መብቷን በምን አቅሟ ታስከብራለች?

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በኢንዶኔዥያ የአቼን ጠረፍ ካጠፋ በኋላ፣ አንድ የአሜሪካ ሚስዮን 300 ወላጅ አልባ የሙስሊም ልጆችን በጃካርታ በክርስቲያን ማሳደጊያ ለማኖር አስቦ ብርቱ ተቃውሞ ሲነሣ ተወው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሄይቲው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ 10 አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ወላጅ አልባ ናቸው» ያሏቸውን 33 ልጆች ድንበር ሊያሻግሩ ሲሉ ተያዙ፤ ሲጣራ ልጆቹ ወላጅ ነበራቸው። በቅን ልብ የመጣ ሰው እንኳ ወላጅን ካላማከረ የሚያደርሰው ጥፋት ይህን ያህል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስብከት የሌለበት እርዳታም ቢሆን ተጠያቂነት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ኡርክ ከምትባል የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት፣ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍልና ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ተባብሮ በጣና ላይ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አስገባ። ምርቱ ጨመረ፣ ገበያውም ሰፋ፤ ነገር ግን ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ ሲወጣ በመረብ ይጠብቁት ጀመር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም ክምችቱ ክፉኛ አሽቆለቆለ። የደንገል ታንኳ ለዓሣ ማጥመድ ከዳር ብዙ ርቆ አይሄድምና፣ ሐይቁ ሲራቆት መጀመሪያ ባዶ እጁን የተመለሰው ድሃው ባለ ታንኳ ነው። ስለዚህ እርዳታው በመንግሥት ትምህርት ቤትና በጤና ኬላ በኩል ይምጣ፣ ዝርዝሩን የወላጆች ኮሚቴ ያጽድቀው፣ የልጁ ሃይማኖት በመዝገብ አይጻፍ፣ ድርጅቱ የሚወጣበት ጊዜና ማን እንደሚተካው ከመግባቱ በፊት ይታወቅ።

የነገደ ወይጦ ወጣት፣ ከሐይቁ ዳር፦ ዲያቆን፣ በአክብሮት ልናገርና፣ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ እናቴ ደንገል ሰንጥቃ ሰፍታ ነው ያሳደገችኝ፤ አሁን ደንገሉም እየተመናመነ ነው። አያቶቻችን ጉማሬ ይበሉ ነበርና ጎረቤት አብሮን ማዕድ የማይቆርስበት ዘመን ረጅም ነበር። ሚስዮን መጥቶ ልጃችንን በስሙ ጠርቶ ጭኑ ላይ ቢያስቀምጠው፣ እኛን የሚማርከን ስብከቱ ሳይሆን ይህ አክብሮት ነው። «ይቅር» ያላችሁት እርዳታ ለእኛ ለልጆቻችን ነው፤ እስካሁን ግን ወደ እኛ መጥቶ የጠየቀን የለም። እኔ የመምህርቷን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ በኮሚቴው ውስጥ ግን ከእኛ ሰው ይኑርበት።

የወንጌላውያን አማኝ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ መምህርት፣ ጥቅሱ ከደብዳቤው እንዲወጣ እስማማለሁ፤ እምነት ከልጅ ተገልብጦ አይገኝም። አንድ ነገር ግን እንድታስቡልኝ እለምናለሁ። ገንዘቡን የሚልኩት ሰዎች የሚልኩት ስለሚያምኑ ነው፤ ልጁን ከትምህርት በኋላ ተቀብለው የቤት ሥራውን የሚያዩለት፣ ሲታመም ክሊኒክ የሚወስዱት በጎ ፈቃደኞችም የአጥቢያው ምእመናን ናቸው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ደብተሩን ሊያድል ይችላል፤ ያን ጊዜና ያን ፍቅር ከየት ያመጣዋል? ወድዳና ፈቅዳ ልጇን ወደ አዳራሻችን የምታመጣ እናት ብትኖርስ፣ ማን ይመልሳታል?

መምህርት፣ ከባሕር ዳር፦ ማንም አይመልሳትም፣ ወንድሜ። ደብተሩንና ክሊኒኩን በትምህርት ቤቱ በኩል አስቀድማ ያገኘች እናት ልጇን ወደ አዳራሻችሁ ብታመጣ፣ ያን ጊዜ ወድዳ መሆኑን እኔም አምናለሁ። በጎ ፈቃደኞቻችሁም ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤታችን መጥተው የቤት ሥራ ያሳዩ፤ ክፍሉን እኔ አስከፍታለሁ።

ዲያቆን፣ ከደብረ ማርቆስ፦ የወጣቱ ቃል ከብዶኛል። በጸሎት ቤት በኩል የሚመጣውን አሁንም እቃወማለሁ፤ በትምህርት ቤት በኩል፣ ወላጆች እየተቆጣጠሩት የሚመጣውን ግን አልቃወምም። ቤተ ክርስቲያናችን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አላት፤ ሃይማኖት ሳይለይ መርዳትም ለእርሷ አዲስ ነገር አይደለም። በባሕር ዳር ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞቼ በዚያው ክፍል ከሰዓት በኋላ የነገደ ወይጦን ልጆች ያለ ስብከት እንዲያስጠኑ ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። መምህርት፣ ክፍሉ በየትኞቹ ቀናት እንደሚከፈት ቢነግሩኝ።