ሄውኬራዬ አንገቷን ከአፈር አውጥታ ቆመች፤ ልንቀላት?

ከጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ጀርመን የምትኖረው እህቴ ለእረፍት ስትመጣ «ፓላስ ፐርፕል» የተባለውን የሄውኬራ (ለቅጠሏ ውበት የምትተከል የጌጥ ተክል) ዘር ይዛልኝ መጣች። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ሳላለብሰው በትኜ በፌስታል ሸፈንኩት። ሃያ አንድ በቀለ። ዘጠኙ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ ቅጠል አወጡ፤ የቀሩት አረንጓዴ ሆኑ። አበባው የክብሪት ራስ የሚያክል ነጭ ነገር ነው፤ ጎረቤት ይስቅበታል። እኔ ግን የያዝኳት ለቅጠሏ ነው።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ባያት፣ ግንዷ አራት ጣት ያህል ከአፈር በላይ ራቁቱን ቆሟል። ቅጠል የቀረው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። አንዷን ስነካት ተነቅላ እጄ ላይ ቀረች። አማቴ «ቅጠሉ ወጥ አይሆን፣ አበባው አይሸት፤ ነቅለሽ ጎመን ትከይበት» ይላሉ። የኅዳር ውርጭ ሳይደርስ ምን ላድርግ?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦
እህቴ፣ እኔ ሦስት ተክዬ ሦስቱም ሞቱብኝ። ከእናንተ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ነው ያለነው፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ቅጠሉን እንደ ወረቀት አደረቀው። አሁን ቦታው ላይ ጎመን አለ። አማትሽን ሰላም በይልኝ።

ጡረተኛዋ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)፦
አብሽሪ ልጄ፣ አልሞተችም። ሄውኬራ አዲስ ቅጠል የምታወጣው በአሮጌው ግንድ አናት ላይ ስለሆነ በየዓመቱ ከፍ ከፍ ትላለች። የውጭ አገር መጻሕፍት መሬቱ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ይገፋታል ይላሉ፤ የእኛ ውርጭ ቅጠል ያነጣል እንጂ መሬት አያብጥም። የእኛን ግቢ አፈር የሚወስደው የክረምት ጎርፍ ነው።

መሬቱ ሳይደርቅ ቆፍረሽ አውጪያት። የጠቆረውን አሮጌ ግንድ በቢላዋ ቆርጠሽ ጣዪ፤ የቀረውን ሥር ሥሩን እያስያዝሽ ከፋፍዪ። ስትተክዪ እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ትጥለቅ፣ እምቡጥ የሚወጣበት ልቧ ግን አይቀበር፤ ይበሰብሳል። ዋልካ ከሆነ አሸዋና የበሰበሰ ብስባሽ ቀላቅዪበት፤ አንገቷ ሥር ውሃ ከተኛ በቃ። የተነቀለችውን ደግሞ እያት፦ ሥሯ ተበልቶ ከሆነ አፈሩ ውስጥ ነጭ ትል ፈልጊ። አሮጌውን ቅጠል አሁን አትቁረጪ፤ ውርጩን ይከላከልላታል። በበልግ ትቆርጪዋለሽ።

አረንጓዴዎቹ ጥፋትሽ አይደሉም። ከዘር የበቀለ ሁሉ እናቱን አይመስልም፤ ቀለሙን የምታገኚው ጥቁሮቹን ብቻ በመከፋፈል ነው።

ከጦሳ ሥር፦
እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። ቅዳሜ ቆፈርኩ፤ ትል የለም፣ ከአንዷ ብቻ አምስት ወጣ። አንዷን በዘይት ጣሳ ተክዬ ለአማቴ ሰጠኋቸው። በረንዳቸው ላይ አኑረዋታል፤ ጎመኑን ግን አሁንም አልተዉም።

ቦርከና ዳር፦
ከአምስቱ አንዷን ለእኔ አስቀምጪልኝ። የማንጎ ዛፍ ጥላ አለኝ።