«እግዚአብሔር ላይ ጥዬዋለሁ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ፦
በእኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተሰደደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶባቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ አግኝቻቸው «እንዴት ሰነበቱ?» ብላቸው «እግዚአብሔር ላይ ጥዬዋለሁ፤ አሁንማ እንቅልፍም ይወስደኛል» አሉኝ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «ተስፋ ቆርጠዋል ማለት ነው» አለ። እኔ ግን ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ግራ ያጋባኝ ግሡ ነው። ቆሻሻ ይጣላል፤ ፈረስ ጋላቢውን ይጥላል፤ የጠፋ ቦርሳም «ጣልኩት» ይባላል። ይህ ግሥ እንዴት የመታመን ቃል ሆነ?

ከቱሉ ዲምቱ፦
ወንድሜ፣ «ላይ» የምትለዋን ቃል ዘለልካት። «ጣለው» ብቻውን ሲሆን ነገሩን ማን እንደሚያነሣው ግድ የለውም። «እርሱ ላይ ጣለው» ሲባል ግን ተቀባይ አለ። «የቤቱን ኃላፊነት ሁሉ እርሷ ላይ ጣሉት»፣ «ተስፋውን ልጁ ላይ ጥሏል» እንላለን፤ እዚህ ላይ የተወረወረ ነገር የለም፣ ሸክሙ ትከሻ ቀየረ እንጂ። ንግግሩ ከመጽሐፍም የመጣ ነው፤ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥7 «እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ይላል። እናትየዋ የጣሉት ጭንቀቱን ነው፤ ልጁንማ ማን ይጥላል!

ከሰበታ፦
የጴጥሮስ ቃል የዳዊት ማስተጋቢያ ነው። መዝሙር 54 (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 55) «ትካዜህን በእግዚአብሔር ላይ ጣል፥ እርሱም ይደግፍሃል» ይላል። በልጅነታችን ዳዊት ስንደግም በግእዙ «ግድፍ» ነበር የምንለው። ገደፈ ማለት ጣለ ነው። ዛሬ በአማርኛ የጽሑፍ «ግድፈት»፣ ጾም «ገደፈ» የምንለው ከዚሁ ነው፤ የተዘለለ፣ የተጣለ ነገር። ስለዚህ ግሡ ደግ አይደለም ያልከው እውነት አለው፤ የተቀደሰው በተቀባዩ ነው። በግእዙ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ይሴስየከ» ነው፤ ይመግብሃል። ለእኔ ከ«ይደግፍሃል» ይልቅ ይህኛው ያረካኛል። የሚጨነቅ ሰው መጀመሪያ የሚያቆመው እኮ እህል ነው።

ከየካ አባዶ፦
በእኛ ቤተ ክርስቲያን (ወንጌላውያን ነን) «ተደገፍ» የሚለው ይዘወተራል። ኢሳይያስ 26፥3፦ «በአንተ ላይ ታምናለችና በአንተ የምትደገፍን ነፍስ ፈጽመህ በሰላም ትጠብቃታለህ»። እዚህ ሰላሙ የመደገፍ ፍሬ ነው እንጂ የችግሩ መፈታት አይደለም። እኅታችን ወይም እናታችን ልጃቸው ሳይደውል መተኛታቸውን በዚህ ነው የምረዳው። ጳውሎስም «አእምሮንም ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ እስር ላይ ነበር።

ከለገጣፎ፦
አንድ ጥያቄ ላንሣ። «ለእግዚአብሔር ሰጠሁት» የሚለውስ? ያው ይመስላል፣ ነገር ግን አያቴ ይህን ያለችለት ሰው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ፦
በፍጹም ያው አይደለም። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼሃለሁ» የተበደለ ሰው ቃል ነው፤ ፍርዱን አሳልፎ መስጠት። በከፊል መታመን፣ በከፊል ደግሞ ክስ ነው። እርግማን ነው የሚሉም አሉ፤ እኔ ወደ ክሱ አደላለሁ። ሦስተኛው መንገድ አደራ ነው፦ «መንገድህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ፥ በእርሱም ታመን፥ እርሱም ያደርግልሃል» (መዝሙር 36፥5፣ በዕብራይስጡ 37)። አደራ የሰጠ ሰው ንብረቱ አሁንም የእርሱ ነው፤ ስለዚህ መለስ እያለ ይጠይቃል። እናትየዋ በየማታው ስለ ልጃቸው የሚጸልዩ ከሆነ እየጠየቁ ነው ማለት ነው።

ጠያቂ፦
ይጸልያሉ። ስልክም ይሞክራሉ፤ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ።

ከሰበታ፦
እንግዲያው የጓደኛህ «ተስፋ ቆርጠዋል» ወደቀ። ተስፋ ከግእዙ «ሰፈወ» ነው፤ ተስፋ ማድረግ፣ መጠበቅ። በአማርኛችን ግን ተስፋ የሰጪም ነው። «ተስፋ ሰጠኝ» እንላለን፤ መጽሐፉም «የተስፋ ቃል»፣ «የተስፋ ምድር» ሲል ሌላው የገባውን ቃል ማለቱ ነው። ተስፋ ያለው ሰው ቃል የገባለት አለ። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ጥበቃ የኖረ የከተማችን ሰው «ተስፋ» ሲል ብዙ ጊዜ «ምናልባት ይደርሰኝ ይሆናል» ማለቱ ነው። የእናትየዋ ግን ከዚህ ይለያል።

ከየካ አባዶ፦
«ታመነ»ንም ከዚሁ ጋር አንሡልኝ። «በእግዚአብሔር ታመነ» ሲሆን ሰውየው ተደገፈ፤ «ለእግዚአብሔር ታመነ» ሲሆን ሰውየው ራሱ የማይከዳ ሆነ። በአንዲት ፊደል አቅጣጫው ይዞራል። ስብከት ላይ ሁለቱ ሲምታቱ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ፤ ለሰባኪዎቻችን ማን ይንገርልን?

ከለገጣፎ፦
እኔ የምነግረው ለአከራዬ ነው። ዓመቱ ሳይሞላ ኪራይ ጨመሩብኝ። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዎታለሁ» ልበላቸው ወይስ «እግዚአብሔር ላይ ጥዬዋለሁ»?

ከቱሉ ዲምቱ፦
ጭንቀቱን ጣለው፤ አከራይህን አትስጣቸው። ውል ካለህ ደግሞ ውሉን ይዘህ ነገ ጠዋት ወረዳ ሂድ።