ስድስት ኪሎ አካባቢ ተከራይቶ መማር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ከዶርም ወጥቶ ለሚከራይ ተማሪ ከኪራዩ ሌላ ምን ወጪ አለ?

መልስ 1፦ ለብቻ አያዋጣም፤ ለሦስት ተካፈሉት። ሽሮ ሜዳና ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከአራት ኪሎ ይረክሳሉ፤ ዳገቱንና የማታውን የታክሲ ሰልፍ ግን አስቡበት። ከመክፈልህ በፊት ቆጣሪው የጋራ መሆን አለመሆኑን ጠይቅ። የመብራት ታሪፍ በፍጆታ እርከን ስለሚጨምር፣ ግቢው ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ከተጠቀመ አንዲት አምፖል የሚያበራው ተማሪ ለአከራዩ ምጣድም ይከፍላል። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ሮቶ ከሌለ በጀሪካን መግዛት ይመጣል።

መልስ 2፦ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። «የስድስት ወር አምጣ» ካሉህ ሌላ ቤት ፈልግ። ለደላላም ቤቱን ሳታይ ሰባራ ሳንቲም እንዳትሰጥ።

መልስ 3፦ ጥቅሙንም ቁጠሩት እንጂ! አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በእግር የሚደረስ ነው፤ መግቢያውም ነፃ። ቅዳሜና እሁድ ልጆች ማስጠናት ደግሞ ከክፍለ ሀገር ይልቅ እዚህ ይገኛል።