ንጹሕ ዚርኮኒያ ሲቀዘቅዝ ለምን ይሰነጠቃል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከንጹሕ ዚርኮኒያ (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ሴራሚክ) ዱቄት በመጭመቂያ የጠፈጠፍኳቸውን አምስት ትናንሽ ክቦች በ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብተኩሳቸውም፣ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ አምስቱም ተሰነጣጥቀው አገኘኋቸው። የማቀዝቀዣውን ጊዜ በእጥፍ ባረዝመውም ለውጥ አላየሁም። ስሕተቴ ምን ይሆን?

መልስ 1፦ ጥፋቱ የምድጃዎ አይመስለኝም። ንጹሕ ዚርኮኒያ ከ1170 ዲግሪ በላይ የያዘውን የክሪስታል ቅርጽ ሲቀዘቅዝ ስለሚለውጥና ይዘቱም ከ4 እስከ 5 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ፣ የማይለጠጠው አካል ውጥረቱን መቋቋም አይችልም፤ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝም አያድነውም። 3 ሞል በመቶ ኢትሪያ (ቅርጹ እንዳይለወጥ የሚያረጋጋ የኢትሪየም ኦክሳይድ) የተቀላቀለበትን ዱቄት ይሞክሩ።

መልስ 2፦ የሚገርመው፣ ያው እብጠት በኢትሪያ ከተገራ በኋላ ጠቃሚ መሆኑ ነው፤ ስንጥቅ ሲገፋ ጫፉ ላይ ያሉት ቅንጣቶች ቅርጻቸውን ለውጠው በማበጥ መንገዱን ይዘጉበታል። ዚርኮኒያ ለሰው ሠራሽ ጥርስ የተመረጠው በአብዛኛው በዚህ ጥንካሬው ነው።

መልስ 3፦ ዱቄት ከመግዛትዎ በፊት ግን የስንጥቁን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ጠርዙ ከለሰለሰና ከተድበለበለ ስንጥቁ ምድጃው ከፍተኛ ሙቀት ላይ ከመድረሱ በፊት፣ ምናልባትም ዱቄቱ ሲጨመቅ ወይም ዱቄቱን ያጣበቀው ማያያዣ ተቃጥሎ ሲወጣ የተፈጠረ ነው።

ጠያቂ፦ አየሁት፤ ጠርዙ እንደ ተሰበረ መስታወት የሰላ ነው፤ ስለዚህ የተሰነጠቀው ሲቀዘቅዝ ነው ማለት ነው። ኢትሪያ ያለበትን አዝዣለሁ።